ከብረት ክምር ሥር የተገኘው መስፍ

ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ቢላዋ በየቤቱ ይገኛሉ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በምን ላይ ተቀጥቅጠው እንደተሠሩ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ለዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው ወሬ ስለዚሁ ስለተረሳው ዕቃ፣ ስለ መስፍ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የበር ማጠፊያ ለመፈለግ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደን ነበር። ከአሮጌ በርሜልና ከተሰበረ ባሌስትራ ክምር ሥር አንድ ቀንድ ያለው ከባድ ብረት ተገልብጦ አየን። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ሸፍኖታል። ዋጋውን ብንጠይቅ፣ ወጣቱ ነጋዴ ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ ወዳለው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እሱ እንኳ ለሚያቀልጡት ሰዎች የታሰበ ነው፤ ማክሰኞ መኪና መጥቶ ይወስደዋል» አለ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ በኪሎ ከሚያገኘው ጥቂት ጨምረንለት ተስማማን። ሚዛን ላይ ቢወጣ 67 ኪሎ ሆነ። ሁለት ተሸካሚዎች እየተቀባበሉ ከመኪና አደረሱልን።

ማጠፊያውን ረስተን መስፉን ይዘን ገባን። ከዚያ በኋላ ግን ልንሠራው ያሰብነው ሥራ ዛሬ ሲታወሰን ያሳፍረናል። ከእኛ አንዱ ፊቱን በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ ሞርደን እንደ መስተዋት እናብራው አለ። ሌላው ደግሞ እሳት ውስጥ ከተን ዝገቱን እናቃጥለው የሚል ምክር አመጣ። ደግነቱ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት በሰፈራችን መንገድ ዳር ወናፋቸውን ተክለው የሚሠሩትን ሽማግሌ ቀጥቃጭ ጠርተን አማከርን።

ሽማግሌው እንዳዩት ሁለት እጃቸውን ዘረጉና፣ «ልጆቼ፣ ተዉ! ፊቱን ከላጣችሁት ገደላችሁት፤ እሳት ካስገባችሁትም ያው ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነቱ አሮጌ መስፍ አካሉ ለስላሳ ብረት ሲሆን፣ መዶሻ የሚያርፍበት ፊቱ ግን በላዩ የተበየደ ስስ የአረብ ብረት ነው። ይህ ፊት ግሎ በውሃ በመቀዝቀዙ ጠንክሯል። በድንጋይ ቢሞርዱት ይሳሳል፤ እሳት ቢመልሱት ጥንካሬው ይለቀውና መዶሻ ባረፈበት ቁጥር ይጎደጉዳል። አንድ መቶ ዓመት የቆየውን ዕቃ በአንድ ቀን ከሰዓት ማበላሸት ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ በትዕግሥት መሥራት ግድ ሆነብን። ሦስት ምሽት ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው፤ እልከኛውን ዝገት ነጭ ጋዝ እያጠጣን አለሰለስነው፤ በጨርቅ ከወለወልን በኋላም የተልባ ዘይት በስሱ ቀባነው። ሽማግሌው በትንሽ መዶሻ መታ ቢያደርጉት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ። ቀጥለውም ከኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ከ25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ፊቱ ላይ ጣሉ፤ ኳሷም ነጥራ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተመለሰች። ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም ፊቱ የለሰለሰ ቢሆን ኖሮ ኳሷ ደክማ ትቀር ነበር። ይሁን እንጂ የማይጮህ መስፍ ሁሉ መጥፎ ነው አይባልም፤ በአሜሪካ የተሠራው የንስር ምልክት ያለበት ፊሸር፣ አካሉ በቀለጠ ብረት የፈሰሰ ስለሆነ፣ ደኅና ሆኖ ሳለ ድምፁ ዝቅተኛ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የዕድሜው ነገር ነበር። ጎኑን ጠመኔ ቀባንና መብራት አጥፍተን በባትሪ ከጎን ብናበራበት ፊደሎች ብቅ ብቅ አሉ። «ፒተር ራይት፣ ፓተንት» የሚል ተነበበ፤ ከሥሩም «እንግላንድ» የሚል ቃል አለ። ይህ ዳድሊ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ይሠራ የነበረ ስመ ጥሩ መስፍ ሠሪ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ 1፣ 1፣ 10 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ከመካከላችን አንዱ፣ «በቃ ተገኘ! የተሠራው ጃንዋሪ 1 ቀን 1910 ነው» ብሎ እጁን አጨበጨበ።

ደስታው ግን አልቆየም። በእንግሊዝ መስፍ ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች ክብደት እንጂ ቀን አይደሉም። የመጀመሪያው በ112 ፓውንድ፣ ሁለተኛው በ28 ፓውንድ ይባዛል፤ ሦስተኛው እንዳለ ፓውንድ ነው። 112፣ 28 እና 10 ሲደመሩ 150 ፓውንድ፣ ይኸውም 68 ኪሎ ይሆናል። ምናለሽ ተራ ያየነው ሚዛን 67 ማለቱ ትዝ አለንና ሳቅን።

እውነተኛው ምስክር «እንግላንድ» የሚለው ቃል ሆነ። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች። ሕጉም ከ1891 ጀምሮ ስለጸና፣ የአገር ስም ያለበት ዕቃ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር 1883 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘውድ በጫኑ በሁለተኛው ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ማኅተሙ ከመቼ በፊት እንዳልተሠራ ይነግረናል እንጂ የተወለደበትን ቀን አይነግረንም።

መስፉን በቢሮአችን መግቢያ ልናቆመው አስበን ነበር። ሽማግሌውን ልናመሰግን ከሥራ ቦታቸው ብንሄድ ግን የሚቀጠቅጡት በአንድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ሆኖ አገኘናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሌላ መስፍ አልነበራቸውም። «አባቴ ማረሻ ሲሠራ ማረሻውን ይወስዱና ቡዳ ብለው ቤቱ እህል ሳይቀምሱ ይሄዱ ነበር» አሉን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ቢያዝዙም፣ ስድቡ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል።

እርስ በርሳችን ተያየን። በማግሥቱ መስፉ የወይራ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉትና፣ «ሥራ የሌለው መስፍ ድንጋይ ነው» ብለው የጋለ ማጭድ አሳረፉበት። ቢሮአችን ጌጡን አጣ፤ መንገዱ ግን ደወል አገኘ።

አንባቢያችንም ከአሮጌ ብረት መካከል ቀንድ ያለው ከባድ ነገር ቢያጋጥምዎ፣ ለሚያቀልጡት ከመሄዱ በፊት እባክዎ ገልብጠው ጎኑን ይመልከቱ።