ሰባቱ የካሮላይና በቀቀኖች

ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ፣ ከሴንትራል ፓርክ ማዶ ያለው ኒው ዮርክ ሂስቶሪካል ሙዚየም ጆን ጄምስ ኦዱቦን «የአሜሪካ አእዋፍ» ለተባለው ሥራው ያዘጋጃቸውን የውሃ ቀለም ሥዕሎች ይዟል። ሥዕሎቹን ለሙዚየሙ የሸጠችው ባለቤቱ ሉሲ ናት፤ እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1863 እ.ኤ.አ.።

ከሁሉም ዓይኔ የማይጠግበው በ1825 ገደማ የተሣለውን የካሮላይና በቀቀን ነው። ሰባት ወፎች ፍሬው እሾሃማ በሆነ አረም ላይ ሰፍረዋል። ገላቸው አረንጓዴ፣ ራሳቸው ቢጫ፣ ፊታቸው ብርቱካናማ ነው። የአንዱ ራስ ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ በቀቀን ቢጫውን አያወጣምና። አንዱ ጎንበስ፣ ሌላው ዘወር ይላል፤ ክንፉን የዘረጋም አለ። ጫጫታቸው የሚሰማ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሕይወት የተቀዳው ከሞተ ወፍ መሆኑ ያስደንቀኛል፤ ያሳዝነኛልም። ኦዱቦን ወፉን ተኩሶ ይጥልና ቀለሙ ሳይደበዝዝ በሽቦ ደግፎ፣ በሕይወት ሳለ ያየውን አኳኋን ያስይዘዋል። ከጀርባው በካሬ የተከፋፈለ ሰሌዳ ያቆማል፤ ወረቀቱንም በዚያው ልክ ያሰምራል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱን ወፍ በተፈጥሮ መጠኑ ይሥላል። ፍላሚንጎን የመሰለው ረጅም ወፍ ከገጹ እንዳይወጣ አንገቱን ወደ ታች አጠፈው።

ሰው በብዛት የሚያውቀው ኅትመቱን ነው። ሮበርት ሃቬል ለንደን ውስጥ ሥዕሎቹን በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ አተመ፤ ቀለሙ በእጅ ተቀባ። ከ1827 እስከ 1838 ድረስ 435 ሰሌዳዎች ወጡ። የሃቬል ሙያ አይናቅም፤ እኔ ግን ዋናውን እመርጣለሁ። እርሳሱ፣ ፓስቴሉና የውሃ ቀለሙ ተደራርበው የላባውን ልስላሴ የሚያሳዩት እዚያ ነው።

በሕይወት የነበሩት በቀቀኖች ግን ፍራፍሬና እህል ስለሚያጠፉ ገበሬው ይተኩስባቸው ነበር። መንጋው ደግሞ የወደቁትን ትቶ አይሄድም፤ እየዞረ ሲመለስ እሱም ያልቃል። ቁጥራቸው በፍጥነት እየመነመነ መሆኑን ኦዱቦን ራሱ ጽፏል። በሰው እጅ የነበረው የመጨረሻው በቀቀን በ1918 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞተ።

ብርሃን የውሃ ቀለምን ስለሚያደበዝዝ ሙዚየሙ ሥዕሎቹን የሚያሳየው ጥቂት ጥቂቱን እያፈራረቀ ነው። በቀቀኖቹን ለማየት የሚሄድ ሰው ተራቸው መድረሱን አስቀድሞ ይጠይቅ።