የቡናው ካፌይን ከማን ጋር ይያያዛል?

አርብ ገበያ ላይም ሆነ አዲስ አበባ አቦሉን ጠጥቶ እንቅልፉ የሸሸው ሰው ምክንያቱ ካፌይን መሆኑን ያውቃል። ካፌይን ግን ብቻውን ምንም አያደርግም። ሥራ የሚሠራው ከሌላ ሞለኪውል ጋር ሲያያዝ ነው። ስለ ቡና ስናወራ በሲኒው ውስጥ ስንት ካፌይን እንዳለ እንጠይቃለን፤ ከማን ጋር እንደሚያያዝና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይኸኛው ነው።

ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን በነርቭ ሴሎች ገጽ ላይ ካሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ሲያያዝ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። ካፌይን በቅርጹ ለአዴኖሲን ስለሚቀርብ እነዚያኑ ተቀባዮች ይይዛቸዋል፤ የእንቅልፉን መልእክት ግን አያስተላልፍም። ለአንድ ሰው ብቻ በሚበቃ መደብ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ እንግዳ ባለቤቱን ቆሞ እንደሚያስቀረው መሆኑ ነው።

ይህን መያያዝ ማን አየው? በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። አንድ የካፌይን ሞለኪውል ከሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ስለማይበልጥ ተራ ማይክሮስኮፕም አይደርስበትም። ተመራማሪዎች መያያዙን የሚያውቁበት አንዱ መንገድ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የሚሰጡት ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ፍሎረሰንስ ይባላል።

አንዳንድ ሞለኪውሎች ጉልበቱ ከፍ ያለ ብርሃን፣ ለምሳሌ ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው ይቀበሉትና በሰከንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ መልሰው ይሰጡታል። በመካከሉ ጥቂት ጉልበት በሙቀት መልክ ስለሚጠፋ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙ የተለየ ነው። ባንክ ቤት የብር ኖት በሐምራዊ መብራት ሥር ሲያዝ የሚያበሩት ምልክቶች ይህንኑ ያሳያሉ። ለወባ መድኃኒትነት የኖረው ኪኒን በውኃ ሟሙቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሰማያዊ እንደሚያበራ ጆን ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1845 ጽፏል፤ ጆርጅ ስቶክስ ደግሞ በ1852 ነገሩን አብራርቶ ስሙን አወጣለት።

መለኪያው መሣሪያ ስፔክትሮፍሎሮሜትር ይባላል። መብራቱ ብዙ ዓይነት ብርሃን ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ተመርጦ ፈሳሹን ወደያዘችው ትንሽ ዕቃ ይላካል። ተራ መስታወት አልትራቫዮሌትን ስለሚያስቀር ዕቃዋ ከኳርትዝ ትሠራለች። የመብራቱ ጨረር በቀጥታ ሄዶ እንዳይገባበት ብርሃን ለቃሚው ከፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይቀመጣል።

አበበ በላይ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የፊዚክስ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የቤንች ማጂን፣ የይርጋ ጨፌን፣ የቴፒንና የጎደሬን ቡና በብርሃን መምጠጥ ዘዴ ለክተው የካፌይኑ መጠን ከ1.0 እስከ 1.2 በመቶ አካባቢ መሆኑን አሳይተው ነበር። እሱ የመጠን ጥያቄ ነው። ኋላ፣ በ2016 ሉሚነሰንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከኮሪያውያን ባልደረቦች ጋር ያወጡት ጥናት ግን ወደ መያያዙ ገባ፦ ካፌይን ቡና ውስጥ ከሚገኙት ከክሎሮጄኒክ አሲድና ከካፌይክ አሲድ ጋር እንዴት ይያያዛል?

የሥራው አካሄድ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የሚያበራውን ሞለኪውል መጠን ሳይለውጡ ሌላውን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበታል። ብርሃኑ እየደበዘዘ ከሄደ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ግን እንዴት ተገናኙ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ግጭት ነው፦ ሞለኪውሎቹ እየዞሩ ይላተማሉ፣ ብርሃኑን ሊሰጥ የነበረው ጉልበቱን በግጭቱ ያጣል፣ ከዚያ ይለያያሉ። ሁለተኛው እውነተኛ መያያዝ ነው፦ ተጣምረው የማያበራ አንድ አካል ይሆናሉ። እነዚህን ለመለየት ፈሳሹን ማሞቅ ይረዳል። ሙቀት ሲጨምር ሞለኪውሎቹ ስለሚፈጥኑ ግጭት ይበዛል፤ በግጭት የመጣ ድብዘዛ ይብሳል። ጥምረት ግን ሙቀት ሲያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚላላ ብርሃኑ ይመለሳል። ከዚህ ዘዴ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፤ አንድ ቴርሞሜትር የግንኙነቱን ባሕርይ ይናገራል።

የእነ አበበ ውጤት ወደ ሁለተኛው ያመለክታል። ካፌይን ከሁለቱም አሲዶች ጋር የማያበራ ጥምረት ይሠራል፤ አንድ ካፌይን ከአንድ አሲድ ጋር፤ የሚያይዛቸውም በዋናነት የሃይድሮጅን ትስስርና ሞለኪውሎች ሲቀራረቡ የሚፈጠር ደካማ ስበት ነው። እንዲህ ያለ ትስስር ሊፈታ ይችላል።

ጥንቃቄው የት ነው? ካፌይን ራሱ አልትራቫዮሌት ይመጥጣል። በጨመሩት ቁጥር የመብራቱን ብርሃን ስለሚቀንስ ምንም መያያዝ ሳይኖር ፍሎረሰንሱ የደበዘዘ ሊመስል ይችላል። ይህን በስሌት ያላረመ ጥናት ጥላን እንደ ትስስር ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ከሁሉ በፊት ይህ እርማት መደረጉን ይፈልግ።

ወደ አንጎል ተቀባዮች ስንመለስ ዘዴው ትንሽ ይለያል። ከተቀባዩ ጋር የሚያያዝ፣ የሚያበራ ቅጥያ የተደረገለት ሞለኪውል ይዘጋጃል። ይህ ትንሽ ሞለኪውል ነጻ ሲሆን በፈሳሹ ውስጥ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ትልቁን ፕሮቲን ሲይዝ ግን አብሮት ቀስ ይላል፤ ልዩነቱም የሚሰጠው ብርሃን ከሚርገበገብበት አቅጣጫ ይነበባል። ከዚያ ካፌይን ሲጨመር የሚያበራው ሞለኪውል ቦታውን እየለቀቀ ይወጣል። ግማሹን ለማስለቀቅ ምን ያህል ካፌይን እንዳስፈለገ በማየት የካፌይኑ አያያዝ ጥንካሬ ይሰላል። አዳዲስ መድኃኒቶችም በዚህ መንገድ ይፈተናሉ።

ብዙ ፕሮቲኖች ደግሞ ቅጥያ አያስፈልጋቸውም። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስላላቸው በራሳቸው ያበራሉ። በደማችን ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን ተሸክሞ የሚዞረው አልቡሚን እንዲህ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ሲደበዝዝ የመጣው ንጥረ ነገር እንደያዘው ይጠረጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስፔክትሮፍሎሮሜትር፣ ንጹሕ ፕሮቲንና ታጋሽ እጅ ነው። ለምሳሌ በየጓሮው የሚገኘው ዳማ ከሴ፣ ለራስ ምታትና ለምች ተጨምቆ የሚጠጣው፣ ውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ተለይተው በዚህ ብርሃን ፊት ቢቀርቡ፣ የትኛው ከአልቡሚን ጋር እንደሚያያዝና የትኛው ነጻ ሆኖ እንደሚዘዋወር መለካት ይቻላል።