ጀልባ በራሷ እንዴት ትመራለች? አሮጌው መሣሪያ በአዲስ ሲለወጥ



በባሕር ላይ መንገድ የለም። አይተው የሚመለሱበት ኮረብታ ወይም ዛፍም የለም። ስለዚህ ጀልባ የሚነዳ ሰው ሁለት ነገሮችን ዘወትር ማወቅ አለበት፤ ያለሁት የት ነው? የጀልባዬ አፍንጫስ ወዴት ዞሯል? ከወላጆቻችን መካከል በትንሽ ጀልባ ባሕር የተሻገሩ ስላሉ፣ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው መሣሪያ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን በሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ። በጀልባዋ ላይ ያለው ተቀባይ ሞገዱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። ቦታውን በትክክል ለመወሰን ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ሞገድ ያስፈልገዋል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። (አባዙና አረጋግጡ።) የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን የተወው እ.ኤ.አ. በ2000 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ኮምፓስ ነው። አውቶማቲክ መሪ የሚባለው መሣሪያ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓሱን እያነበበ፣ ጀልባዋ ከታዘዘችበት አቅጣጫ ስትወጣ ፓምፕ ወይም ሞተር አዝዞ ከኋላ ውሃ ውስጥ ያለውን የአቅጣጫ መለወጫ ክንፍ ያዞራል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ኮምፓሱን ብቻ እያየ የሚያዞር መሪ ጀልባዋን እንደ እባብ ያስኬዳታል፤ ወደ ግራ ስትወጣ ወደ ቀኝ ይመልሳታል፣ ከዚያም አልፋ ወደ ቀኝ ትወጣለች።

በሩሲያ የተወለደው መሐንዲስ ኒኮላስ ሚኖርስኪ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ልምድ ያለው መሪ ያዥ ምን እንደሚያደርግ ተመልክቶ በሒሳብ አስቀመጠው። ጎበዝ መሪ ያዥ ጀልባዋ ምን ያህል እንደወጣች ብቻ አያይም። በምን ፍጥነት እየዞረች እንደሆነም ያያል፤ ስለዚህ ገና ሳትደርስ መሪውን ይመልሳል። ነፋስ ወይም ሞገድ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚገፋት ከሆነም፣ መሪውን ትንሽ አዘንብሎ ይይዛል። የዛሬው አውቶማቲክ መሪ የሚያሰላው እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው። አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው የሚሻልበት ዋናው ምክንያት የጀልባዋን የመዞር ፍጥነት ወዲያውኑ የሚለካ ስሜታዊ መሣሪያ በውስጡ ስላለ ነው። በእኔ አስተያየት ገንዘብ የሚያወጣ ባለጀልባ ከትልቅ ስክሪን ይልቅ በዚህ ላይ ቢያወጣ ይጠቀማል።

ኮምፓሱ የሚቀመጥበት ቦታ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። በስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦም በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ስለዚህ ኮምፓሱ ከስፒከር፣ ከሞተርና ከብረት ይራቅ፤ በአጠገቡ የሚያልፉ ሁለት የባትሪ ሽቦዎች ካሉም እርስ በርስ ይጠምዘዙ፤ የአንዱ ኃይል የሌላውን ያጠፋልና።

መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በሽቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአነጋገር ደንብ ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 0183 ይባላል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። በተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 4,800 ቢት ያስተላልፋል። ኋላ የመጣው ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 2000 ግን ሁሉንም በአንድ ግንድ ገመድ ላይ አያይዞ በሰከንድ 250,000 ቢት ያስተላልፋል። በግንዱ ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ መዝጊያዎች ይገጠማሉ። በፊዚክስ ክፍል ስለ ትይዩ ሬዚስተር የተማራችሁ፣ ኃይሉን አጥፍቶ የሚለካ ሰው ስንት ኦም ማግኘት እንዳለበት ልትነግሩት ትችላላችሁ። 60 ኦም ነው። 120 ካገኘ አንዱ መዝጊያ የለም ወይም ገመዱ ተበጥሷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሽቦው ተገናኘ ማለት መሣሪያዎቹ ተግባቡ ማለት አይደለም። «ሮያል ማጀስቲ» የተባለችው የመንገደኞች መርከብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1995 ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትነሳ 1,509 ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጂ.ፒ.ኤስ.ዋ አንቴና ገመድ ተነቀለ። ተቀባዩ ሳተላይት ሲያጣ ከፍጥነትና ከኮምፓስ እየገመተ ቦታ መስጠት ጀመረ፤ ነፋስና የባሕር ወራጅ የሚገፏትን ግን አያውቅም። የማስጠንቀቂያ ድምፁ እንደ እጅ ሰዓት ጮኾ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አበቃ፤ በስክሪኑ ላይም ትንንሽ ፊደሎች ብቻ ቀሩ። መሣሪያው «ይህ መረጃ አይታመንም» የሚል ምልክት ከሚልከው መልእክት ጋር ያደርግ ነበር። አውቶማቲክ መሪው ግን የሌላ ፋብሪካ ሥራ ስለነበረ ያንን ምልክት እንዲያነብ አልተሠራም። ግምቱን እንደ እውነት ተቀብሎ 34 ሰዓት ያህል መራት። ጠባቂዎች ከፊታቸው የውሃው ቀለም መለወጡን ሲናገሩ፣ ተረኛው መኮንን ያመነው ስክሪኑን ነበር። በማግስቱ ሌሊት መርከቧ አለች ተብሎ ከሚታሰብበት ቦታ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በናንታኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጣች። እንደ ዕድል ሆኖ የተጎዳ ሰው የለም። በዚያው ክፍል ውስጥ ሎራን የሚባል ሌላ ቦታ አመልካች ይሠራ ነበር፤ ሁለቱን ያስተያየ ግን አልነበረም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሐሰተኛ የጂ.ፒ.ኤስ. ሞገድ እየተለቀቀ መርከቦችን ያሳስታል። አንቴናው ሳይነቀልም ስክሪኑ ሊዋሽ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የገጠመ ባለሙያ በመጨረሻ የሚያደርገው ፈተና አለ። ጸጥ ባለ ሰፊ ውሃ ላይ ጀልባዋን በዝግታ ክብ እያዞረ ኮምፓሱን ያስተካክላል። ከዚያም አውቶማቲክ መሪው እየሠራ ሳለ የአንቴናውን ገመድ በገዛ እጁ ይነቅላል፤ ማስጠንቀቂያው ሞተሩ እየጮኸ ይሰማ እንደሆነ፣ መሪውም ሰውን ይጠራ ወይም ዝም ብሎ ይቀጥል እንደሆነ ይመለከታል። ዝም ብሎ ከቀጠለ ሥራው ገና አላለቀም።