ስጦታና መብት፦ ከማኬንዚ ሸለቆ የሚቀሰም ትምህርት

የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ለሥራ በሚሠማሩበት አካባቢ ለነዋሪው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የስፖርት ሜዳና የትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ ይታወቃል። ለዚህም ተግባራቸው «የማኅበረሰብ ኢንቨስትመንት» የሚል ስም አውጥተውለታል። ትምህርት ቤቱ ልጆችን እስካስተማረ ድረስ ስጦታውን የሚጠላ ወላጅ አይኖርም። ይሁን እንጂ ሕዝብ ስጦታውን ከመቀበሉ አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሀብቱ የሚወጣበት መሬት የማን ነው? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ስጦታ ከቀደመ፣ ስጦታው የመብት ምትክ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ አባባላችን ማስረጃ እንዲሆነን የሰሜን ካናዳን ነባር ሕዝቦች ትግል እንመልከት። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማኬንዚ ወንዝ ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ በሚፈስበት ሸለቆ የደኔ ሕዝብ፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ ደግሞ የኢኑቪያሉት ሕዝብ በአደንና በዓሣ ማጥመድ ሲኖሩ ኖረዋል። በ1920 ኖርማን ዌልስ በተባለው ሥፍራ ነዳጅ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1921፣ የካናዳ መንግሥት ከደኔ ሕዝብ ጋር 11ኛውን ውል ተፈራረመ። የነዳጁና የውሉ ቅደም ተከተል እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። መንግሥት ውሉን የመሬት ማስረከቢያ አድርጎ ሲተረጉመው፣ የደኔ ሽማግሌዎች ግን የሰላምና የወዳጅነት ቃል ኪዳን እንጂ የመሬት ሽያጭ አይደለም ሲሉ ኖሩ። በ1973 ዳኛ ዊልያም ሞሮው የሕዝቡ የመሬት መብት በውሉ ጠፍቷል ለማለት አጠራጣሪ መሆኑን በፍርድ አረጋገጡ።

በዚያው ዘመን የአላስካንና የማኬንዚን የተፈጥሮ ጋዝ በሸለቆው በኩል ወደ ደቡብ የሚያወርድ ታላቅ የቧንቧ መሥመር ለመዘርጋት ኩባንያዎች ተዘጋጅተው ነበር። መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ዳኛ ቶማስ በርገርን በ1974 ሾመ። በርገር በከተማ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ባለሙያ ብቻ አላዳመጡም። ወደ 35 መንደሮችና ከተሞች ተጉዘው የ1,000 ያህል ሰዎችን ቃል ሰሙ። የሕዝቡ ድርጅቶች የራሳቸውን ጥናት አዘጋጅተው እንዲከራከሩም የገንዘብ ድጋፍ ተሰጣቸው። በ1977 ያቀረቡት ሪፖርት በሰሜናዊ ዩኮን ምንም ዓይነት የቧንቧ መሥመር እንዳይዘረጋ፣ በማኬንዚ ሸለቆም የመሬት ጥያቄ እልባት እስኪያገኝ ሥራው ለ10 ዓመት እንዲቆይ የሚያሳስብ ነበር። ስለ ሥራ ዕድል የተነገረውንም መርምረው፣ ሕዝቡ የሚያገኘው ጥቅም ውሱን፣ የሚደርስበት ማኅበራዊ ጉዳት ግን ከባድ መሆኑን አስረድተዋል። ምክንያቱም አብዛኛው የሠለጠነ ሠራተኛ ከደቡብ የሚመጣ፣ የግንባታው ሥራም ቧንቧው ተቀብሮ ሲያበቃ አብሮ የሚያበቃ ነበርና ነው።

ያ ጊዜ በከንቱ አላለፈም። የኢኑቪያሉት ሕዝብ በ1984 ባደረገው ስምምነት 91,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በባለቤትነት ተረከበ። ከዚህም ውስጥ 13,000 ያህሉ ከርሠ ምድሩን ጭምር የሚያካትት ነው። በ1992 የግዊችን፣ በ1993 የሳህቱ ሕዝቦች ተከተሉ። በ2000 ደግሞ ነባር ሕዝቦች በአዲሱ የቧንቧ መሥመር እስከ አንድ ሦስተኛ ድርሻ የሚይዙበትን ማኅበር አቋቋሙ። በወጣትነታቸው የደኔ ሕዝብ በበርገር ፊት እንዲከራከር ያስተባበሩት ስቴቨን ካክፍዊ፣ በ2000 የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ይህንኑ ድርሻ ደገፉ። ይህ አቋምን መለወጥ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ የቀረበው ባለቤቱ ያልታወቀለት መሬት ሲሆን፣ በሁለተኛው ጊዜ ግን ባለመሬቱ ራሱ ለድርድር ቀርቦ ነበር።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ድርሻውም ቢሆን ከእንከን የጸዳ አለመሆኑ ነው። የማኅበሩን የመነሻ ወጪ በብድር የሸፈነው ትራንስካናዳ የተባለው የቧንቧ ኩባንያ ነበር። የመሬት ጥያቄው ያልተፈታለት የደህ ቾ ሕዝብም ማኅበሩን አልተቀላቀለም። መንግሥት በበኩሉ ፕሮጀክቱ የሚያስከትለውን ማኅበራዊ ችግር ለማቃለል በ10 ዓመት የሚከፈል 500 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ቃል ገባ። ገንዘቡ ግን ከፕሮጀክቱ መሳካት ጋር የታሰረ ነበር። ምርመራው ረዝሞ የመንግሥት ፈቃድ በ2011 ሲገኝ፣ ከድንጋይ ንጣፍ የሚወጣው የአሜሪካ ጋዝ ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋውን ጥሎት ነበር። 16.2 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለውን ሥራ ኩባንያዎቹ በታኅሣሥ 2017 ተዉት። ለመንደሮቹ የታሰበው ገንዘብም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ።

ኩባንያዎቹ ለመምጣትም ሆነ ለመተው የተመሩት በትርፍና ኪሣራ ስሌት ነው። የካፒታል ባሕርይ ይኸው ስለሆነ ሊያስደንቀን አይገባም። ልናስተውለው የሚገባው በሕዝቡ እጅ የቀረውን ነው። ከጋዙ ጋር የታሰረው ተስፋ ከጋዙ ጋር ሄደ። በትግል የተገኘው የመሬት ባለቤትነት ግን ጋዙ ቢወጣም ባይወጣም ዛሬም በሕግ የጸና ነው።

ስለዚህ በሠፈር ማኅበር የተደራጀ ነዋሪም ሆነ በሥራ ቦታው የተደራጀ ሠራተኛ፣ አንድ ድርጅት ስጦታ ይዞ ሲመጣ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። መሬቱና ሀብቱ የማን ነው? ምን እንደሚሠራ የወሰነው ማን ነው? ድርጅቱ ነገ ቢሄድ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ያገኘ ሕዝብ ትምህርት ቤቱን በደስታ ሊቀበል ይችላል። መልሱን ያላገኘ ግን የማኬንዚ ሽማግሌዎች እንዳደረጉት፣ ከምረቃው በዓል በፊት ስብሰባውን ይጥራ።