ርካሹ የወንዝ ዳር ቤት ስንት ያስወጣል?

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ወደ ወንዝ በተጠጉ ቁጥር የቤት ኪራይ ይቀንሳል። አስፋልት ዳር ያለው ክፍል ውድ ነው፤ ቁልቁል ተወርዶ ገደሉ አፍ ላይ ያለው የጭቃ ቤት ግን በርካሽ ይገኛል። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ተከራዩ የኪራዩን ቀሪ በክረምት ይከፍለዋል። የወንዝ ዳር ቤት ርካሽ የሚመስለው የዋጋው ትልቁ ክፍል በማንም መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ነው። ይህ ወጪ እስካልተቆጠረ ድረስ ደግሞ ቤቶቹን ማፍረሱም፣ ግንብ መገንባቱም፣ ዝም ብሎ መተዉም ከጎደለ ሂሳብ የሚነሳ ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ መልክዓ ምድሩን እንይ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ በእንጦጦ ሥር ባለችው ጉለሌ የሚያሰጋው እንደ ሜዳ አገር ወንዝ ቀስ እያለ ሞልቶ የሚተኛ ውኃ ሳይሆን ድንጋይና ግንድ እየገፋ የሚመጣ ደራሽ ነው። እንጦጦ ላይ ሰማይ ሲጠቁር ታች ያለው ሰው ገና ፀሐይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ሲደርስ ዕቃ ለማውጣት ቀርቶ ልጅ ለማንሳት እንኳን ፋታ የለም። ይህን በጉለሌ ያለው የቀጨኔም ሆነ የሽሮ ሜዳ ሰፈር ነዋሪ ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቀዋል። ታዲያ እያወቀ ለምን እዚያ ይኖራል?

የሚኖረው ሥራው እዚያ ስለሆነ ነው። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች መጥተው በሽሮ ሜዳና በዙሪያው የሰፈሩት ሸማኔዎች ገበያቸው ደጃቸው ላይ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ደንበኛቸውም ጓዳቸውም አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከተራራው በራቁ ቁጥር ሸክሙ ይከብድባቸዋል፣ ቀኑም ያጥርባቸዋል። ለእነዚህ ቤተሰቦች የታክሲ ወጪ ሳያወጡ ሥራ መዋል ከገቢያቸው ትልቅ ድርሻ አለው። በየዓመቱ ሊመጣ ወይም ላይመጣ የሚችለውን ጎርፍ በየቀኑ ከሚመጣው የትራንስፖርት ወጪ ጋር አመዛዝነው ወንዙን መርጠዋል። ምርጫው አለማወቅ አይደለም፤ አማራጩ የጠበበበት ሰው የሚሠራው ትክክለኛ ስሌት ነው።

ጎርፉ አንድ ቤት ሲገባ የሚሆነውን በሸማኔው ቤት እንመልከት። ሸማኔ የሚሠራው ወለሉ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው። ስለዚህ ውኃ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሞላው የሥራ ቦታው ነው። የተወጠረው ድር ጭቃ ይጠጣል፤ በዱቤ የመጣው ማግ ይበላሻል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ይቆያል። ጎርፍ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይኸውም ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ የሚሆነው ቀሚስና ነጠላ በሚሠራበት ወቅት። የጠፋው የዓመቱ የተሻለ ገቢ እንጂ የአንድ ሳምንት ሥራ ብቻ አይደለም። ጉድጓዱ እስኪደርቅ፣ የግድግዳው ምርጊት እስኪታደስ ሌላ ሥራ አልባ ቀናት ይቆጠራሉ። በዚያ መሐል ልጅ በተበከለው ውኃ ይታመማል፣ ደብተርና ዩኒፎርም እንደገና ይገዛል፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጌጥ ይሸጣል። ከጎርፍ በኋላ በሚቀርበው የጉዳት ሪፖርት ላይ የሚሰፍሩት የሞቱ ሰዎችና የፈረሱ ቤቶች ናቸው። ቤቱ ካልፈረሰ ይህ ቤተሰብ በሪፖርቱ አልተጎዳም።

የተለመዱት መጠባበቂያዎችም እዚህ አቅም ያጣሉ። ዕድር ለለቅሶ የተቋቋመ ነው፤ አንድ አባል ሲቸገር ሌሎቹ ይደርሱለታል። ወንዙ ዳር ያለው መንደር በሙሉ በአንድ ሌሊት ሲጎዳ ግን አዋጪውም ተጎጂውም አንድ ሰው ይሆናል። ኢንሹራንስ ሰነድ ይፈልጋል፤ ሰነድ የሌለው ቤትና በዘልማድ የተያዘ ክፍል ደግሞ ለመድን ኩባንያ የለም ማለት ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ጥናት በዓለም ላይ ለከባድ ጎርፍ የተጋለጡትን ሰዎች ቁጥር 1.81 ቢሊዮን ያደረሰው ሲሆን፣ ከእነዚህ 170 ሚሊዮኑ በከፋ ድህነት የሚኖሩ ናቸው። ጎርፍ በቁጥር ብዙ ንብረት የሚያወድመው በሀብታም አገር ነው፤ ሰውን ከነጭራሹ ከኑሮ የሚያወጣው ግን ድሃው ዘንድ ነው።

የሞቱን ዋጋ ደግሞ ማንም ሊያሰላው አይችልም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2013 በአዲስ አበባ የጣለው ዝናብ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ጉለሌ ከተማዋ ራስጌ ላይ ስላለች ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ሰለባም ምንጭም ናት። ተዳፋቱ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ቆርቆሮ ጣሪያና በሲሚንቶ የተለበጠ ግቢ አፈሩ ይመጥ የነበረውን ውኃ ወደ ታች ይልካል። ግቢውን ያነጠፈው ሰው ደረቅ ደጅ አገኘ፤ ሂሳቡን ግን የሚከፍለው እሱ ሳይሆን ወንዝ ዳር ያለው ጎረቤቱ፣ ከዚያም ልደታ፣ ንፋስ ስልክና አቃቂ ያለው ሰው ነው።

«ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ናቸው፤ ራሳቸው ላመጡት ጣጣ መንግሥት ለምን ይከፍላል?» የሚል ክርክር ይነሳል። ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን መንግሥታዊ ካደረገ ወዲህ በነባር ሰፈሮች ያሉ ብዙ ቤቶች የቀበሌ ናቸው። የእነዚህ ቤቶች አከራይ መንግሥት ነው፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ አፍርሶ አጠናክሮ መሥራት አይችልም። ኪራይ የሚሰበስብ አከራይ ቤቱ ያለበትን ቦታ አደጋ ለተከራዩ ብቻ ሊተው አይገባም። ፈቃድ የሌለውም ቢሆን፣ በ2005 በተደረገው የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ከ800 ሺህ በላይ ሰው መመዝገቡን ማስታወስ ይበቃል። ሕጋዊው በር ይህን ያህል ወረፋ ካለበት ወደ ገደሉ የሚወርደውን ሰው በሕግ ወዳድነት ጉድለት ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም።

ሁለተኛውና ጠንካራው ክርክር የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ችግሩን እየፈታው ነው የሚለው ነው። በ2011 ይፋ የሆነው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት የተነሳ ነው። ዳርቻውን ማጽዳትና አረንጓዴ ማድረግ ለጎርፍ መከላከል በእርግጥ ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው ግንብ ብቻውን የሚሰጠው የውሸት መተማመን ነው፤ አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጊልበርት ዋይት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳሳየው መከላከያ ሲሠራ ሰው ይበልጥ ወደ ወንዙ ይጠጋል፣ ግንቡን የሚያልፍ ጎርፍ ሲመጣም ጉዳቱ ከበፊቱ ይብሳል። ሁለተኛው ተነሺው የሚሄድበት ቦታ ነው። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ኮዬ ፈጬ ፎቅ ላይ ማስፈር ከጎርፍ ያድነዋል፤ ጉድጓዱን የሚቆፍርበት ወለል፣ ሸማውን የሚያወርድበት ገበያ ግን ያሳጣዋል። ከዓመት በኋላ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ወንዝ ዳር ክፍል ቢፈልግ ሊገርመን አይገባም።

በ2011 የወጣው የመሬት ይዞታ ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከንብረት ካሳ አልፎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ማሰቡ ትልቅ እርምጃ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ የማግኘት መንገድ አለው። ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀረው ከግለሰብ የተከራየው፣ ደባል የገባው ነው፤ በጎርፍ የመጀመሪያው ሟች ሊሆን የሚችለውም እሱ ነው። «ለእሱ ከተከፈለ ነገ ሌላው ይሰፍራል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ክፍያውን መከልከል ሳይሆን የተለቀቀውን ቦታ በዚያው ወር ለውኃው መተውና መጠበቅ ነው።

ገንዘቡስ ከየት? አንዱ ምንጭ ከላይ የጠቀስኩት ተዳፋት ነው። ግቢውን በሲሚንቶ ለለበጠና ሰፊ ጣሪያ ለዘረጋ፣ በተለይ ለትልልቅ ሕንፃዎች፣ በስፋታቸው ልክ የጎርፍ ማስወገጃ ክፍያ ማስከፈል፣ ውኃ የሚያጠራቅም ታንከር ለተከለው ደግሞ መቀነስ ይቻላል። ከሚሰበሰበው ላይ በዚያው በጉለሌ ውስጥ፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ ምድር ቤቱ ለሸማኔና ለሸክላ ሠሪ የሥራ ቦታ የሚሆን ዝቅተኛ ፎቅ ያላቸው የኪራይ ቤቶች መሥራት ይጀመር። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ዋዜማ የጎርፍ ስጋት ያለባቸውን ቦታዎች ይለያል። በዚያ ዝርዝር ላይ ከቦታው ስም ጎን የእያንዳንዱ ቤት ነዋሪ ሥራ፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ ወይም ደባል፣ ከግንቦት በፊት ቢመዘገብ ማን ቀድሞ መነሳት እንዳለበትና ለየትኛው ቤት እንደሚታጭ ከዝናቡ በፊት ይታወቃል።