ጥግ ዞሮ የሚያይ ካሜራ

ሙሉ ሰመመንና ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒት የተሰጠው ሰው በራሱ አይተነፍስም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስትንፋሱ በሰመመን ባለሙያው እጅ ነው። ባለሙያው አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን ወደ ጎን ገፍቶ፣ በድምፅ አውታሮቹ መካከል ቱቦ ያሳልፋል። አስቀድሞ ኦክስጅን በደንብ የሳበ ጤናማ ጎልማሳ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል፤ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም በጣም የወፈረ ሰው ግን ያን ያህል ፋታ አይሰጥም። ላለፉት ሃያ ዓመታት ማንቁርትን በካሜራ የሚያሳየው የቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ የለወጠው በዚህች ፋታ ውስጥ የሚሆነውን ነው።

ማንቁርትን በዓይን የማየት ታሪክ ከሐኪም ቤት ውጭም ባለውለታ አለው። ስፔናዊው የዘፈን መምህር ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 በፀሐይ ብርሃንና በመስታወት የራሱን የድምፅ አውታሮች እንቅስቃሴ ተመለከተ። በ1895 በርሊናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኪርስታይን ያለ መስታወት በቀጥታ ለማየት ቻለ። በ1943 ደግሞ የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሮበርት ማኪንቶሽ ምላስን የሚገፋ ቆልመም ያለ ብሌድ አስተዋወቁ፤ ያ ቅርጽ ዛሬም በየኦፕሬሽን ክፍሉ አለ።

የማኪንቶሽ ብሌድ ግን ከባለሙያው ዓይን እስከ ድምፅ አውታሮቹ ቀጥ ያለ የእይታ መስመር ይፈልጋል። አገጩ አጭር የሆነ፣ አንገቱ የማይታጠፍ፣ እሳት አቃጥሎት የአንገቱ ቆዳ የተኮማተረ ሰው ዘንድ ይህ መስመር በቀላሉ አይገኝም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለዘመናት የኖረው እንቅርትም እጅግ ሲያድግ የአየር ቧንቧን ይገፋል፣ ያጣብባል። እንዲህ ያለው ታካሚ አፉም በደንብ የማይከፈት ከሆነ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

ችግሩን ቀድሞ ማወቅ ቢቻል መልካም ነበር። ታካሚው አፉን ከፍቶ ምላሱን እንዲያወጣ የሚጠየቅበት የማላምፓቲ ምርመራ ከ1985 ጀምሮ ይሠራበታል። ይሁንና በ2015 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የ188,064 ታካሚዎችን መዝገብ ተመልክቶ፣ ቱቦ ማስገባት ካስቸገረባቸው ሰዎች 93 በመቶው ቀድሞ ያልተጠረጠሩ እንደነበሩ አሳየ። የዘርፉ ዋና ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። አስቸጋሪው ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ካሜራውን ለአስቸጋሪው ብቻ ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማቆየት ምን ይጠቅማል?

ካናዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ፔሲ የፈጠሩት ግላይድስኮፕ በ2001 ሲመጣ ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ዓይን ወደ ጉሮሮ መግባት ካልቻለ ካሜራ ይግባ። ከብሌዱ ጫፍ አጠገብ የተተከለችው ትንሽ ካሜራ የምላስን ጥግ ዞራ ያየችውን ስክሪን ላይ ታሳያለች። ስኮትላንድ ማክግራዝን፣ ጀርመን ሲ-ማክን፣ ጃፓን ፔንታክስን አስከተሉ። የስፔኑ ኤርትራክ ምስሉን የሚያመጣው በፕሪዝምና በመስታወት ነው። አንዳንዶቹ የማኪንቶሽን ቅርጽ ይዘው ካሜራ ጨመሩ፤ ሌሎቹ ብሌዱን ይበልጥ አጎበጡት፤ የቀሩት ደግሞ ቱቦው የሚሄድበት ቦይ አበጁለት።

ማየት ግን ማስገባት አይደለም። በጣም በጎበጠው ብሌድ የድምፅ አውታሮቹ ስክሪኑ ላይ ወለል ብለው እየታዩ ቱቦው አልደርስ ሊል ይችላል፤ ምስሉ ያለፈውን ጥግ ቱቦውም መዞር አለበትና። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ በብሌዱ ልክ የጎበጠ፣ ቅርጽ የሚያስይዝ ስታይሌት የተባለ ዘንግ ይገባል። ሌላም አደጋ አለ። ባለሙያው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ቱቦውን ሲገፋ የላንቃን ለስላሳ ሥጋ ሊበሳ ይችላል፤ ይህ በእርግጥ የደረሰ ጉዳት ነው። ሥልጠናው የሚያስተምረው ቅደም ተከተል ብሌዱ ሲገባ አፍን፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ ቱቦው ሲገባ እንደገና አፍን፣ በመጨረሻ ስክሪኑን ማየት ነው። ደምና ትውከትም ካሜራውን ይሸፍናሉ። አፉ ጨርሶ ለማይከፈት ሰው ከ1967 ጀምሮ የሚታወቀው፣ በአፍንጫ የሚገባው ተጣጣፊ ፋይበር ስኮፕ አሁንም ተተኪ አልተገኘለትም።

ማስረጃው በአንድ ቀን አልጠራም። በ2017 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በ371 ታካሚዎች ላይ ቪዲዮውንና የቀድሞውን መሣሪያ አወዳድሮ፣ በመጀመሪያ ሙከራ በመሳካት ረገድ ልዩነት አላገኘም። በ2023 ግን አሜሪካ ውስጥ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 1,417 ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት በቪዲዮ 85.1፣ ያለ ቪዲዮ 70.8 በመቶ የመጀመሪያ ሙከራ ስኬት አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የክሊቭላንድ ክሊኒክ ከ8,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ያደረገው ጥናት ከአንድ ሙከራ በላይ ያስፈለገው በቪዲዮ 1.7፣ በቀድሞው 7.6 በመቶ መሆኑን ዘገበ። ከዚህ በኋላ ካሜራው የመጨረሻ መዳኛ ሳይሆን የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ይገባዋል ማለት ማጋነን አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል የማርቲን ብሮሚሊን ታሪክ መዝለል አይገባም። የዚህ እንግሊዛዊ አብራሪ ባለቤት በ2005 ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገብታ፣ የመተንፈሻ መንገዷ ተዘግቶ ሕይወቷ አለፈ። ክፍሉ ውስጥ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ነበሩ፤ ቱቦ ለማስገባት በመደጋገም ላይ ሳሉ ኦክስጅኗ ወርዶ ቆየ። አንዲት ነርስ አንገት ተበስቶ አየር የሚሰጥበትን ዕቃ ብታዘጋጅም አልተሠራበትም። ብሮሚሊ ቅጣት ሳይሆን ትምህርት ፈለጉ፤ ከአብራሪዎች ዘንድ የለመዱትን የቡድን አሠራር ወደ ሕክምና ለማምጣት ተነሡ። የዛሬዎቹ መመሪያዎች የሙከራውን ቁጥር የሚገድቡት እንዲህ ዓይነት ሞት ስለታየ ነው።

በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ፣ በሙያው የሠለጠኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። ለእነሱ የቪዲዮ መሣሪያ ሲገዛ ሥልጠናውና የሚለዋወጠው ብሌድም አብረው መገዛት አለባቸው። ቱቦው ሳይታወቅ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ቢገባ የሚያጋልጠው ደግሞ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ካፕኖግራፉ ይቅደም።

አንባቢም ድርሻ አለው። ከዚህ ቀደም ቱቦ ማስገባት አስቸግሮ እንደነበር የተነገረው ሰው፣ ነገሩን በጽሑፍ አስይዞ ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ቀዶ ሕክምና ሲገባም ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት ለባለሙያው ይንገር።