ሚያዝያ ላይ የሚዝል ቡድን፦ ተረቱና እውነታው

ኅዳር ላይ ከሰንጠረዡ አናት አካባቢ የነበረ ቡድን ሚያዝያ ላይ ሲንሸራተት፣ ከአዳማ ሻይ ቤቶች እስከ ሻሸመኔ መናኸሪያ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው። ሙቀቱ ጨረሳቸው፤ ፆሙ አደከማቸው፤ ልብ የላቸውም፤ አሰልጣኙ አለቀበት፤ ጨዋታ ሸጡ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያለበት አለ፤ ጭራሽ መሠረት የሌለውም አለ። የሚያሳዝነው ፍርዱ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ባለው ልጅ ላይ መውደቁ ነው። ሚያዝያ ላይ የምናየው ውድቀት በአብዛኛው የሚዘጋጀው በክረምቱ፣ ስብስቡ ሲዋቀርና በጀቱ ሲከፋፈል ነው።

«የአዳማ ሙቀት ነው የሚገድላቸው»

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ነች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከመጋቢት ጀምሮ ስምጥ ሸለቆው ይግላል፤ ከሰዓት በ9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ቀላል አይደለም። ሰውነት ሲግል ደም ሙቀቱን ለማስወጣት ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ላብ ውኃውን ይጨርሳል፣ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ይመታል። ፊፋም የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበትና የፀሐዩን ግለት አንድ ላይ የሚመዝነው መለኪያ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ በየአጋማሹ የውኃ ዕረፍት እንዲሰጥ ይመክራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የብራዚል ዓለም ዋንጫ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሙቀት በበረታባቸው ጨዋታዎች ፈጣን ሩጫዎች ቀንሰው ነበር፤ በአጠቃላይ የተሸፈነው ርቀት ግን ብዙም አልተለወጠም፤ የተሳካ ቅብብል እንዲያውም ጨምሮ ነበር። ተጫዋቾች አቅማቸውን ቆጥበው በሌላ መንገድ ተጫወቱ ማለት ነው።

ሙቀት ጨዋታን ይለውጣል እንግዲህ። አንዱን ቡድን ጥሎ ሌላውን የሚያነሣበት ምክንያት ግን የለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ ለዓመታት የተካሄደው ክለቦች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ነው። ሊጉ አዳማ ሲገባ ሁሉም ክለብ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ፣ በአንድ ፀሐይ ሥር ይጫወት ነበር። ሰውነት ደግሞ ይለምዳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሙቀት ውስጥ የተለማመደ ተጫዋች ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ የደሙ ውኃ ይጨምራል፣ የልቡ ምት ይረጋጋል። ከደጋ የወረደውም ቢሆን እዚህ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ይበዛለታል።

የራሱ የአዳማ ከተማ ታሪክ ይህን ተረት ያፈርሳል። በ2013 ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ ተካሄደ፤ አዳማ አስተናጋጅ አልነበረችም። ክለቡ ያን ዓመት በከተማው አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ግን ወራጅ ቀጠና ውስጥ ጨረሰ፤ በሊጉ የቆየው በሀዋሳ በተደረገው የማሟያ ውድድር አሸንፎ ነው። የአዳማን ፀሐይ ለዚያ ውጤት ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

«ልብ የላቸውም»

ይህ ተረት ከሁሉም የበለጠ ሰው ይጎዳል፣ ስለዚህ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የውድድር ዘመኑ ሲገባደድ 70ኛው ደቂቃ ላይ የቀኝ መስመር ተከላካዩን ብቻ ለይታችሁ ተከታተሉ። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ ሲነጠቅ ወዲያው ዞሮ በሩጫ ይመለስ ነበር። አሁን ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ቀና ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሮጠው። በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚው የክንፍ ተጫዋች አሥር ሜትር ወስዷል። የመሐል ተከላካዩ ሊሸፍንለት ቦታውን ለቆ ይወጣል፣ ኳሷም እሱ በተወው ክፍተት ትገባለች። ጎሉ ሲቆጠር የሚሰደበው የመሐል ተከላካዩ ነው። ከሥሩ ያለው ግን የአንድ የደከመ እግር ታሪክ ነው፤ ያ እግር በዚያ ወር ለስንተኛ ጊዜ 90 ደቂቃ እንደተጫወተ ማንም አይቆጥርም።

ከጨዋታ በኋላ ጡንቻ ያጣውን ስንቅ መልሶ ለመሙላትና የተጎዳውን ለመጠገን ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ላይ ለዓመታት የተደረገው የጉዳት ክትትል እንዳሳየው፣ በጨዋታዎች መካከል ስድስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲኖር የጡንቻ ጉዳት ሦስት ቀንና ከዚያ በታች ከሆነበት ጊዜ ያነሰ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድና ባልደረቦቹ ደግሞ የ2002ን እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ መርምረው ነበር። ከተጠበቀው በታች የተጫወቱት ከውድድሩ በፊት በነበሩት 10 ሳምንታት በአማካይ 12.5 ጨዋታ አድርገው ነበር፤ ከተጠበቀው በላይ የተጫወቱት 9። ልዩነቱ ሦስት ተኩል ጨዋታ ነው። «ልብ አጣ» የተባለው ኮከብ ዕረፍት ያጣ ነበር።

የእኛ ሊግ በአንድ ከተማ ሲሰባሰብ ጨዋታዎቹ በጥቂት ቀናት ልዩነት ይደራረባሉ፤ ተጫዋቾች ለሳምንታት ከቤታቸው ርቀው ሆቴል ያድራሉ። እዚህ ላይ ነው የስብስብ ጥልቀት የሚለየው። ቋሚ አሰላለፉና ተጠባባቂው እኩል የሆነለት ቡድን አምስቱንም ቅያሪ ይጠቀማል። 13 ወይም 14 ተጫዋች ላይ የተንጠለጠለው ቡድን ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ምንም አይጎድልበትም፤ ተመሳሳይ ልጆች አብረው ስለሚጫወቱ እንዲያውም ይግባባል። የታፋ ጡንቻና የብሽሽት ጉዳት ሲመጣ፣ የቢጫ ካርድ ቅጣት ሲጠራቀም ግን የሚተካ የለም፤ ያልዳነው ልጅ ይገባል፣ ጉዳቱም ይደገማል።

«ፆሙ ነው»

ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም በዚህ ዘመን ከዐቢይ ፆም ጋር የተጠጋጋባቸው ዓመታት ነበሩ። በረመዳን ወቅት በሰሜን አፍሪካ ተጫዋቾች ላይ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ድምፅ የላቸውም፤ አንዱ አቅም ቀንሶ አገኘ፣ ሌላው እንቅልፍና ምግብ በሥርዓት ሲያዝ የጎላ ለውጥ አላየም። ሁለቱም ሃይማኖት በየክለቡ ስላለ ፆም አንዱን ቡድን ብቻ ለይቶ ሊጥል አይችልም። ልዩነት የሚመጣው የልምምድ ሰዓትን ከአፍጥር ጋር የሚያስማማ፣ የፆም ምግቡን በባቄላ፣ በምስርና በሽምብራ የሚያበለጽግ ክለብና ለዚህ ደንታ የሌለው ክለብ ሲጋጠሙ ነው።

«ከታች የመጣ ቡድን ትንፋሹ አጭር ነው»

በ2016 ዓ.ም. ሦስት ቡድኖች አብረው ከከፍተኛ ሊግ አደጉ፦ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በዚያው ዓመት ተመልሰው ወረዱ። ንግድ ባንክ ግን በአሰልጣኝ በፀሎት ልዑልሰገድ እየተመራ፣ ከመቻል ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ ዋንጫውን ወሰደ። ከስድስት ዓመት በፊት በ2010ም ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። ስለዚህ ከታች መምጣት በራሱ ትንፋሽ አያሳጥርም። የሻሸመኔ ልጆች ከንግድ ባንክ ልጆች ያነሰ ለፍተዋል የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ። አንዱ ክለብ ከጀርባው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ አለ፤ ሌላው ከጀርባው መንገድም፣ ውኃም፣ ትምህርት ቤትም የሚጠብቁት የከተማ በጀት ነው።

«ጥሩ ጀምረው ነበር እኮ»

ስለዚህ ነገር ብዙ አይነገርም፤ ግን ከውድቀቶቹ ብዙዎቹ ውድቀት አይደሉም። እግር ኳስ ጎል የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ በስምንትና በዘጠኝ ጨዋታ ዕድል ብዙ ይሠራል። አንድ ቡድን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጎል ያገባል፤ ግብ ጠባቂው ያድነዋል፤ የተጋጣሚ ኳስ ከብረት ይመለሳል። 16 ቡድን ባለበት ሊግ ደግሞ አንድ ዙር 15 ጨዋታ ነው፤ ጠንካሮቹን በኋላ የሚያገኝ ቡድን መጀመሪያ ላይ ይነግሣል። ከዚያ ዕድሉም መርሐ ግብሩም ሚዛኑን ሲይዝ ቡድኑ ወደ እውነተኛ ቦታው ይመለሳል። ስምንተኛ የሚገባው ቡድን ሁለተኛ ሆኖ ቆይቶ ስምንተኛ ሲጨርስ ተዳከመ ይባላል፤ አቅሙ ግን ጥቅምት ላይ የነበረው ነው።

እውነተኛ የመጨረሻ ቀን ሐዘንም አለ፤ ፋሲል ከነማ በ2011 ሊጉን እየመራ ወደ መጨረሻው ጨዋታ ገብቶ ከሽረ ጋር አቻ ሲለያይ፣ መቀሌ 70 እንደርታ አሸንፎ ዋንጫውን ወስዶበታል። የዓመት ሥራ በአንድ አቻ ሲታጣ ያማል። ያው ፋሲል ከሁለት ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ትንፋሽ የሌለው ቡድን እንደዚያ አይመለስም።

«አሰልጣኙ ይባረርና ይነሣሉ»

ሲያባርሩ የሚነሡ ይመስላል፤ ምክንያቱም አሰልጣኝ የሚባረረው ውጤት ከሁሉ በወረደበት ሰዓት ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በታች ብዙ ቦታ የለም። ባስ ተር ዌል የተባለ ኢኮኖሚስት የሆላንድን ሊግ ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. መርምሮ፣ አሰልጣኝ ያባረሩትን ቡድኖች በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ሆነው ካላባረሩት ጋር አነጻጸረ። ሁለቱም በእኩል አገገሙ። አሰልጣኝ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ከመቀሌ 70 እንደርታ፣ በ2017 ከኢትዮጵያ መድን ጋር በሦስት ክለቦች ሻምፒዮን ሆኗል። የአሰልጣኝ ሥራ የሚታየው ስብስቡን መርጦ ከዝግጅት ጀምሮ ሲገነባ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ጠርተው የደከሙ እግሮችን ቢያስረክቡት ምን ያደርጋል?

«ጨዋታ ሸጡ»

የጨዋታ ማጭበርበር በዓለም ላይ ያለ ወንጀል ነው፤ የሚረጋገጠው ግን በማስረጃ ነው፤ ያልተጠበቀ ውጤት ማስረጃ አይሆንም። በውድድር ዘመን ማብቂያ ግራ የሚያጋቡ ውጤቶች የሚበዙበት ሌላ ምክንያት አለ፦ አንዱ ላለመውረድ ይጫወታል፣ ሌላው ዋንጫም ወራጅ ቀጠናም አይመለከተውም። በ1982 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሂሖን ላይ ሁለቱንም በሚያሳልፍ 1 ለ 0 ውጤት ከረኩ በኋላ ነው ፊፋ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎችን በአንድ ሰዓት ማድረግ የጀመረው። ሰዓቱን ማስተካከል መመሳጠርን ያከብዳል፤ የሚጫወትበት ዓላማ የሌለውን ቡድን ግን አያነሣሣም።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የገንዘብ እጦት ይጨመርበታል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሊጉም የሚገባደደው ወደዚያው ነው። በከተማ አስተዳደር የሚደገፍ ክለብ በክረምቱ ተጫዋች ያስፈርማል፣ ለዝግጅት ያወጣል፤ ከዚያ የወራት ሆቴልና ትራንስፖርት ይመጣል። ሚያዝያ ላይ የቀረው ትንሽ ነው፤ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል፣ መልሱ ይዘገያል፣ ደመወዝ አብሮት ይዘገያል። የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾች ልምምድ ማቆማቸው በሊጉ ተደጋግሞ የተሰማ ነገር ነው። በ2012 የውድድር ዘመን ዋዜማ የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ሲወሰን ወጪው ይረግባል ተብሎ ነበር፤ ጣሪያ ግን የተባለው ገንዘብ በሰዓቱ እንዲከፈል አያደርግም።

በዚህ ላይ ከተጫዋቾቹ የብዙዎቹ ውል በዚያው ሰኔ ያበቃል። ሐምሌ ላይ የት እንደሚሆን የማያውቅ፣ ለወራት ለቤቱ ብር ያልላከ፣ ጉዳት ቢደርስበት የሚያሳክመው ክለብ እንደማይኖረው የሚያስብ ልጅ ወደ ኳስ ሲገባ እግሩን ይሰበስባል። ከመቀመጫው ሆኖ የሚያይ ሰው ያንን እግር «የተሸጠ» ይለዋል።